አራት ጣት የጎደለ ወንበር

ሰኞ 4

ልጄ ልታገባ ስድስት ሳምንት ቀርቷታል። ዛሬ እሷና እናቷ የተጠሪዎችን ዝርዝር ዘርግተው ተቀመጡ፤ እኔ አጠገባቸው ጋዜጣ አነበብኩ። ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለችው አማቴ ናት። አማቴ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ማዶ ስል ሌላ አገር ማለቴ ነው፣ ከእኛ ቤት በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ። ልጄ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር እዚያ እየሄደች ነው ያደገችው። «አያቴ ካልመጣች ሰርግ የለም» ትላለች። ማን ከለከላት? ትምጣ። ሁልጊዜም የምትመጣው እሷ ናት። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ድልድዩን አንድ ቀን ተሻግሬ አላውቅም። ሥራ ስለሚበዛብኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ደግሞም የእኛ ቤት ሰፊ ነው።

ረቡዕ 6

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ቦታው ከካልሲዎቼ ሥር ነው። ስለዚህ ስለ ሥራዬ በግልጽ ብጽፍ ምንም አይደል። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የአዳራሽ ዕቃ ኃላፊ ነኝ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ምንጣፉ፣ ባንዲራው፣ የመጋረጃው ገመድ ሳይቀር በእኔ እጅ ነው። አገራችን ትልቅ አገር ናት፤ በዙሪያዋ አራት ትናንሽ ጎረቤቶች አሏት። ሚኒስትራችን ደግሞ፣ ነውር አይሁንብኝና፣ አጭር ናቸው።

እና አንድ ያልተጻፈ ደንብ አለን። የትልቅ አገር እንግዳ ሲመጣ ሙሉ ወንበር ይቀርብለታል። የትንሽ ጎረቤት እንግዳ ሲመጣ አራት ጣት የጎደለ። እንግዳው ሲቀመጥ ጉልበቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሚኒስትራችን ከላይ ወደ ታች ያዩታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ውሉ ይፈረማል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ከእኔ በፊት የነበረው ኃላፊ ሥራ ሲያስረክበኝ ቁልፎቹን ቆጥሮ ሰጠኝና በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አራት ጣቱን አሳየኝ። በቃ፣ ርክክቡ ይኸው ነው። በወረቀት አይጻፍም፣ በአፍ አይነገርም። እኔም እንግዳ ሲመጣ የአናጢው ክፍል በር ላይ ቆሜ አራት ጣቴን ከፍ አደርጋለሁ፤ አናጢው መጋዙን ያነሳል። ተቆርጦ ሲመጣ ራሴ እቀመጥበታለሁ፣ እስከ መቶ እቆጥራለሁ፣ «ተቀምጬ አረጋግጫለሁ» የሚለውን ቅጽ እፈርማለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ወንበር ጉድ አልሠራኝም። ጡረታ ልወጣ የቀረኝ አሥራ አራት ወር ነው።

ዓርብ የማዶዎቹ አዲስ ሚኒስትር ለዓሣ ማስገር ውል ይመጣሉ። የፕሮቶኮል አለቃው ዛሬ ሦስት ጊዜ ጠራኝ። ይህን ሰው መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «አቶ ደረጃ» ይለዋል፤ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው የሰውዬውን ማዕረግ ካጣራ በኋላ ነው። ሦስቱንም ጊዜ «እንግዳዋ በደረጃቸው ይቀመጡ» አለኝ። ሦስቱንም ጊዜ ገብቶኛል አልኩት።

ሐሙስ 7

አዲሶቹ ወንበሮች ገና ዛሬ ደረሱ። ለአናጢው ጣቴን አሳየሁት። ልብስ ሰፊው ለሰርጉ ሱፍ ልለካህ ብሎ ጠራኝ። ሱሪው ጠቦኛል፤ ራት መቀነስ አለብኝ። ወደ ቢሮ አልተመለስኩም። ቅጹን ታክሲ ውስጥ ፈረምኩት። ለአንድ ቀን ነው።

ዓርብ 8

ጉድ ፈላ።

(ከሁለት ሰዓት በኋላ።) ከመጀመሪያው ልጻፈው። የማዶዋ ሚኒስትር ገቡ። ግዙፍ ሴት ናቸው፤ ሳቃቸው ከእሳቸው ቀድሞ ነው የሚገባው። ሚኒስትራችን ጨበጧቸውና «ይቀመጡ» አሏቸው። ተቀመጡ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ፤ እሳቸውም አብረውት ሄዱ። መጀመሪያ ፊታቸው ከካሜራው ጠፋ፣ ቀጥሎ እግራቸው ታየ። ግራ ጫማቸው በረረ። አየር ላይ ሲሽከረከር የእኛም የእነሱም ሰዎች አንገታችንን አቅንተን በዓይናችን ተከተልነው። ሄዶ ሄዶ ውሉ ላይ አረፈ፣ ልክ ሚኒስትራችን ሊፈርሙ ብዕር ባነሱበት ቦታ።

በዚያች ደቂቃ ሚኒስትራችን «ይቅርታ» ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን አቶ ደረጃ በጆሯቸው አንድ ነገር ሹክ አላቸው። እሳቸውም ጫማውን በሁለት ጣት አንስተው «ይህ የእናንተ ነው» አሉ።

አማቴ ትዝ አለችኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ 9

መግለጫ አወጣን። «ወንበሩ ፍጹም ጤነኛ ነው። እንግዳዋ የተቀመጡት ከተለመደው የአቀማመጥ ሥርዓት ውጭ ነው።» ማዶዎቹ ድልድዩን ዘጉ። እኛ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የዘጋነው እኛ ነን አልን። እነሱ የቁልፋቸውን ፎቶ ከነሰዓቱ አወጡ። አሁን ጠቡ ማን ወደቀ የሚለው ቀርቶ ማን ቀድሞ ዘጋ የሚለው ሆኗል። ድልድዩ ላይ ሁለት ቁልፍ ተንጠልጥሏል አሉ፣ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ።

ባለቤቴ ዜናውን እንደቆመች ሰማችው። «እናቴስ?» አለች። አንድ ሳምንት አይፈጅም አልኳት።

ሰኞ 11

አናጢውን አገኘሁት። ሽማግሌ ነው፤ ከመናገር መጋዝ መግፋት ይቀለዋል። ወንበሩን ገልብጦ አሳየኝ። ስምንት ጣት። የኋላው እግርማ ወደ ዘጠኝ ይጠጋል። ክው አልኩ። ለካ ሐሙስ እኔ እንደወጣሁ አቶ ደረጃ ራሱ መጥቶ፣ እኔን ማመን አቅቶት፣ በሩ ላይ ቆሞ አራት ጣት አሳይቶታል። አናጢውም ታዘዝኩ ብሎ ደግሞ ቆረጠ። ለምን አልጠየቅከኝም ብዬ ጮህኩበት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጣት ታሳየኛለህ፤ አንድ ቀን አፍህን ከፍተህልኝ ታውቃለህ?» አለኝ።

እንግዲህ ጥፋቱ የአቶ ደረጃ ነው። አናጢውም ትንሽ ድርሻ አለው። እኔ ያሳየሁት የራሴን አራት ጣት ብቻ ነው። ተቀምጬበት ቢሆን ኖሮ የምወድቀው እኔ ነበርኩ፤ ይህን ግን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።

ከሰዓት በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ደረጃ። ጸሐፊው፣ «በዘርፉ ካለው የካበተ ልምድ አንጻር»፣ እኔ።

ረቡዕ 13

የማዶ ሬዲዮ የዜና መግቢያ ሙዚቃውን ቀየረ። አሁን መጀመሪያ ወንበር ሲወድቅ ይሰማል፣ ቀጥሎ አንዲት ጫማ፣ ከዚያ «ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን»። ባለቤቴ በየሰዓቱ ድምፁን ከፍ አድርጋ ትከፍተዋለች። ዛሬ ስድስት ጊዜ ወደቅን። ሻይ ሁለቴ ትን አለኝ።

ሰኞ 18

አራተኛ ስብሰባ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በመጀመሪያው ስብሰባ የወደቀው ወንበሩ ነው ወይስ እንግዳዋ በሚለው ተከራከርን። በሁለተኛው መውደቅ ምን ማለት ነው በሚለው። በሦስተኛው የኮሚቴው የሕግ ባለሙያ ወለሉ በዚያ በኩል ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል አለ፤ ውሃ ልክ አስመጥተን፣ አምስት ሰው ተንበርክከን ለካን። ወለሉ ቀጥ ያለ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ «ለጊዜው ቀጥ ያለ» ተብሎ ይጻፍ ተባለ፤ ጻፍኩ። ዛሬ ደግሞ ምስጥ የሚል ሐሳብ መጣ። ምስጥ ካልን ማንም አይጠየቅም፤ እኔም ከልቤ ደገፍኩ። ነገር ግን ምስጥ በመጋዝ አይቆርጥም ተባለና ቀረ።

በዚህ መሐል ቅጹ ከፋይሉ ወጣ። «ተቀምጬ አረጋግጫለሁ»፣ ከነፊርማዬ። አቶ ደረጃ ጮክ ብሎ አነበበና፣ ኃላፊያችን ተቀምጦበታልና ወንበሩ እስከ ሐሙስ ደህና ነበር አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። እኔ የእሱን ጣት ካነሳሁ የእኔ ፊርማ ይነሳል፤ ተያይዘናል። «ኃላፊው ተቀምጦበታል» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ሐሙስ 21

ራት ላይ ባለቤቴ ድንገት «ተቀምጠህበት ነበር?» አለችኝ። የሥራዬን ነገር ታውቀዋለች፣ ስንት ዓመት ሰምታዋለች። ይሄ የመንግሥት ጉዳይ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ ግንኙነታችን በልጃችን በኩል ሆኗል። «ጨው አቀብለን በይው» አለች፣ ክርኗ ክርኔን እየነካ። እኔም ጨዉ ከመሰጠቱ በፊት ቅሬታዋን በግልጽ ታሳውቅ በያት አልኩ። ልጄ «እኔ አምባሳደር አይደለሁም» ብላ ተነስታ ሄደች። ጨዉ ሳይሰጥ ራት አለቀ።

አሁን ሳስበው ብሰጣት ምን ነበረበት።

ዛሬ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ሳልፍ ጽዳት ሠራተኛዋ ለበር ጠባቂው ስትነግረው ሰማሁ፦ «ይህን ሁሉ ክፍል ይዘው አንዲት ይቅርታ የምትቀመጥበት ቦታ አጥተው ነው?» ስለ ሚኒስቴሩ ነው የምታወራው።

እሑድ 24

አማቴ ደወለች። ባለቤቴ ገላዋን ትታጠብ ስለነበር እኔ አነሳሁት። ትቆጣኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ሥራህ ላይ ክፉ ነገር መጣብህ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። «ወንበር ሲሉ አንተን አሰብኩ።» ደህና ነኝ አልኳት። የሰርግ ልብሷን አሰፍታ ጨርሳለች። በየማለዳው ድልድዩ አፍ ድረስ ሄዳ ተከፍቶ እንደሆነ ታያለች፤ ወታደሮቹ ለምደዋት መቀመጫ ያወጡላታል አሉ። የእኛው ወንበር ደህና ነው፣ አትስጋ ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መሳቄ ራሱ አስጠላኝ።

እዚህ ስትመጣ የማስቀምጣት በሩ አጠገብ ያለችው አጭር ወንበር ላይ ነው። ለጉልበቷ ይስማማታል ብዬ ነው። ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ልጄ እስከ መጪው ወር አሥራ አምስት ድልድዩ ካልተከፈተ ሰርጉ ይቅር አለች። እጮኛዋ እሺ አለ። ይህ ልጅ ግን ለምንድን ነው ሁሉን ነገር እሺ የሚለው? ዛሬ ገላዬን ታጥቤ እንኳ አልቀለለኝም።

ረቡዕ 27

ኮሚቴው መደምደሚያ ላይ ደረሰ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። «አናጢው በራሱ ፈቃድ ቆረጠ።» ነገ ተጠርቶ ይሰማል፣ ከዚያ ይሰናበታል። የስንብት ደብዳቤውን የማረቀው ጸሐፊው ነው። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩ። በአምስተኛው እንደምንም ተሳካልኝ፣ ግን ስሙን ልጽፍ ስል አላውቀውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ሐሙስ 28

አናጢው መጣ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አቶ ደረጃ ጉሮሮውን ጠርጎ ማን ቁረጥ እንዳለው ጠየቀው። ሽማግሌው መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ አቶ ደረጃን አየ፣ ከዚያ ጣሪያውን። «ማንም ምንም አላለኝም» አለ። እውነቱን ነው። ማንም ምንም አላለውም።

«ማንም ምንም አላለኝም» ብዬ እየጻፍኩ ሳለ ብዕሬ ቆመ። እንቢ አለኝ። ይህ ሰውዬ ሊያጋልጠን ይችል ነበር፤ አላደረገውም፣ እኛ ደግሞ ዓይናችንን በጨው ታጥበን ደብዳቤ ይዘን ተቀምጠናል።

«አልተቀመጥኩበትም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ምን አልክ አሉኝ። «ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩበትም፤ ሱሪ ልለካ ሄጄ ነበር። አራት ጣት ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን አራት ጣት ማን እንዳሳየ ደግሞ የሚያውቅ ያውቃል።» አቶ ደረጃ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የሕግ ባለሙያው ለረጅም ጊዜ ወለሉን አየ። ከዚያ ጸሐፊው የተናገረውን ጸሐፊው ይመዝግብ ተባለ፤ መዘገብኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። «አውቅ ነበር» አለች። ይህን ያለችው በቀጥታ ለእኔ ነው፣ በልጃችን በኩል አይደለም። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ጡረታዬ እንግዲህ የእግዜር ነው።

ሰኞ 2

ማዶዎቹ ነገሩን ሰሙ፤ እንዴት እንደሰሙ አይጠየቅም። መልሳቸው አጭር ነው፦ ያጠፋው ሰው በአካል መጥቶ ይቅርታ ይበለን፣ ያኔ እንከፍታለን። እዚህ ሽብር ሆነ። ትልቅ አገር ትንሽ አገርን ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም፤ መዝገብ ቤት ሄደው ፈለጉ፣ ናሙና የሚሆን ደብዳቤ እንኳ አልተገኘም። በመጨረሻ አቶ ደረጃ መላ አመጣ። ይቅርታው ይባል፣ ግን የሚለው ሰው ከቁጥር የማይገባ ይሁን።

ቀኑን ሙሉ ትንሽ ሰው ሲፈለግ ዋለ። እኔ ኃላፊ ስለሆንኩ በዛሁ። በር ጠባቂውን ጠየቁት፤ እኔ በር ላይ ስቆም መንግሥት ነኝ ብሎ እንቢ አለ። ጽዳት ሠራተኛዋ ሰው ያቆሸሸውን ስጠርግ ኖሬያለሁ፣ ይቅርታ ግን የሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የለም አለች። ዞረው ዞረው እኔው ጋ መጡ። ችግሩ ቁመቴ ነው፤ መቆረጥ አለብኝ።

ረቡዕ 4

ጠዋት ከኃላፊነት ወደ ምክትል ወረድኩ። ከምሳ በኋላ ዕቃ ቆጣሪ ሆንኩ። በአሥር ሰዓት «ግለሰብ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ማኅተም ያለበት። በዚህ አያያዝ ነገ ምንጣፍ እሆናለሁ። የማነበውን ጽሑፍ የሕግ ባለሙያው አዘጋጅቶ ሰጠኝ፦ «ግለሰቡ በወንበሩ ሁኔታ የተሰማውን የግል ስሜት ይገልጻል።» ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ስለ ጡረታዬ ጠየቅሁ። ስትመለስ ይታያል አሉኝ።

ሰኞ 9

ቀኑ ተቆረጠ፣ ሐሙስ ነው። ባለቤቴ ሸሚዜን እየተኮሰች «በሃያ ስድስት ዓመት ልትሻገር ነው» አለች። ለሥራ ነው አልኳት። ካውያውን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። ግለሰብ ሥራ የለውም፣ ትዝ አለኝ።

ሐሙስ 12

እቤት ገብቻለሁ። ቤቱ በሳቅ ደምቋል፤ እኔ መኝታ ቤት ገብቼ እጽፋለሁ፣ ካልጻፍኩት ነገ እውነት አይመስለኝም።

በእኛ በኩል ማንም አልሸኘኝም፤ ከሸኙኝ ይቆጠራል። ወታደሩ ፊቱን አዙሮ ቁልፉን ከፈተልኝ። ድልድዩ አጭር ነው። ይህን ያህል አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።

ማዶ ስደርስ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። አሥራ ሁለት የክብር ዘብ። የነሐስ ባንድ። ፎቶ አንሺው እንደ አሸን ፈልቷል። ዞሬ ከኋላዬ ማን እየመጣ እንደሆነ አየሁ፤ ማንም የለም። ያኔ ገባኝ። እኛ ይቅርታውን ለማሳነስ እኔን አሳነስን፤ እነሱ ይቅርታውን ለማግዘፍ እኔን አገዘፉኝ። የባንዱ መሪ ቀረብ ብሎ በትህትና መዝሙሬ የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። ግለሰብ ነኝ፣ መዝሙር የለኝም አልኩት። ትንሽ አሰበና የሰርግ ዘፈን አስመታ። ዘቦቹን ስጎበኝ እግሬ በዘፈኑ ምት ሄደ፤ ማቆም አልቻልኩም።

ሚኒስትሯ አንገታቸው ላይ መደገፊያ አድርገው ቆመው ጠበቁኝ። ወረቀቴን አውጥቼ «ግለሰቡ በወንበሩ ሁኔታ» ስል እጃቸውን አነሱ።

«ወረቀቱን ተወውና፣ አራት ነው ስምንት?» አሉኝ።

«ስምንት ነው፣ ክብርት ሚኒስትር። የታሰበው አራት ብቻ ነበር።»

«አራቷንማ እናውቃታለን። ከእኔ በፊት የነበሩትም እያወቁ ተቀምጠውባታል። ለጉርብትና ብለን አራት ጣት ችለናል፤ ስምንት ግን በዛ።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። ስለ ስምንቱ ነው? አሉኝ። «ስለ አራቱም ጭምር» አልኩ። ያን ሳቃቸውን ለቀቁት፤ አንገታቸውን አሟቸው መሰለኝ መሐል ላይ አቋረጡት። ጨበጡኝ። ከጀርባዬ ቁልፍ ሲከፈት ሰማሁ።

ከዚያ የተቀባዮቹ ሰልፍ። ከንቲባው፣ አንድ ጄኔራል፣ ሦስተኛዋ አማቴ። የለመዷቸው ወታደሮች አሰልፈዋቸው መሰለኝ፣ የሰርግ ልብሳቸውን ለብሰው በጄኔራሉና በአንድ ጳጳስ መካከል ቀጥ ብለው ቆመዋል። እጄን ለባለሥልጣን እንደሚዘረጋ ዘረጋሁላቸው። አልጨበጡኝም።

«ለመንግሥት ያልከውን ሰማሁ» አሉኝ።

ለእሳቸው የሚሆን ወረቀት ማንም አልጻፈልኝም። ባንዱ ቆሟል፣ ሰዉ ሁሉ ያያል። «እማማ፣ እርስዎ ቅርብ ነበሩ፣ የራቅሁት እኔ ነኝ። መምጣት እየቻልኩ ነው ያልመጣሁት። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ድልድዩን በዓይናቸው ከዳር እስከ ዳር ለኩት። «መንገዱ ረዝሞብህ ነዋ» አሉና አንገቴን ስበው ሳሙኝ። አለቀስኩ። የባንዱ መሪ ይህ የሥነ ሥርዓቱ አካል መስሎት እንደገና አስመታ።

«በል ሻንጣዬን ያዝ፤ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ እንሻገር» አሉኝ። ያዝኩ። ከባድ ነው፣ ስንት ስጦታ እንደታጨቀበት እግዜር ይወቅ።

በእኛ በኩል ወታደሩ መዝገቡን ገለጠ። የእሳቸውን መዘገበ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ ሥራ? አለኝ። ኃላፊ አይደለሁም፣ ምክትል አይደለሁም፣ ዕቃ ቆጣሪም አይደለሁም። ብዕሩን እንደያዘ ጠበቀኝ።

«የእሳቸው አማች» አልኩት። ጻፈው።